የማራኬሽ አደባባይ፤ ሰሚና ተመልካች

ወደ ማራኬሽ የሚሄድ አገር ጎብኚ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የአንድ አደባባይ ስም ነው፤ ይኸውም ጀማ ኤል ፍና ይባላል። በቀትር ሲታይ በሱቆችና በቡና ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ብቻ ነው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ባዘነበለች ጊዜ ግን ከበሮው ይመታል፤ የምግብ ሻጮች ድንኳን ይተከላል፤ የጥብሱ ጢስ ይነሣል፤ ሰዉም በየቦታው ክብ እየሠራ ይቆማል። እንግዳው ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው እየተሻገረ እባብ የሚያጫውቱትን፣ ጦጣ በሰንሰለት የሚጎትቱትን፣ በእጅ ላይ ሂና የሚሥሉትን ሴቶች፣ የብረት ጽናጽል እያንቃጨሉ የሚዘፍኑትን ግናዋዎች ያያል። ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ካደረም በኋላ ከተማዪቱን ያወቃት መስሎት ወደ አገሩ ይመለሳል።

ያየው ሁሉ በእርግጥ አለ። ሆኖም አደባባዩ ስሙን ያገነነው ከሚታየው ነገር ይልቅ በሚሰማው ነበር። ከ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ወዲህ የጎብኚው ቍጥር እየበዛ በሄደ መጠን የተመልካቹ ቦታ ሰፍቶ የሰሚው ቦታ ጠቧል። ይህ ለውጥ እንዴት እንደ ተፈጸመና በዚያ ምክንያት ምን እንደ ጠፋ መመርመር፣ ስለ አንዲት የሩቅ ከተማ ብቻ የሚነገር ወሬ ሆኖ አይቀርም፤ ከአደባባዩ እየራቁ ከሄዱት ስሞች መካከል፣ ወደ ኋላ እንደሚታየው፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ንጉሠ ነገሥት ስም ይገኛልና። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ማራኬሽን በ1070 ገደማ የቈረቈሯት፣ ከሰሐራ በረሓ ተነሥተው ማግሪብን የያዙትና በአውሮጳውያን አጠራር አልሞራቪድ የሚባሉት ሙራቢጦች ናቸው። ከተማዪቱ ከአትላስ ተራራ በስተ ሰሜን ባለው ሜዳ ላይ የተሠራች ስትሆን፣ በተራራው ማለፊያዎች በኩል ከበረሓ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፍባት ነበረች። በ1147 አልሞሃድ የሚባሉት ሙወሒዶች ወስደው ዋና ከተማቸው አደረጓት። 77 ሜትር ከፍታ ያለው የኩቱቢያ መስጊድ ሚናራ የእነርሱ ሥራ ነው፤ በስፔን አገር በሴቪያ ያለው የሂራልዳ ግንብና በራባት ያለው የሐሰን ግንብም ከዚሁ ሚናራ ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ዛሬ በጠባቦቹ መንገዶች ውስጥ አቅጣጫው የጠፋበት እንግዳ ቀና ብሎ የሚፈልገው ይህንኑ ሚናራ ነው።

ኩቱቢያ የሚለው ስም ከመጻሕፍት ሻጮች የመጣ ነው፤ በመስጊዱ ደጅ የመጻሕፍት ሱቆች ተደርድረው ነበርና። ይሁን እንጂ ከተማዪቱን በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያያት፣ ሊዮ አፍሪካኑስ በሚባል ስም የታወቀው አል ሐሰን አል ወዛን፣ ቀድሞ መቶ ያህል የነበሩት ሱቆች በእርሱ ዘመን እንደ ጠፉ ጽፏል። ከእርሱ አስቀድሞ በ14ኛው መቶ ዓመት የመጣው ኢብን ባቱታም ማራኬሽን ከባግዳድ ጋር አመዛዝኖ ውበቷን ካደነቀ በኋላ አብዛኛው ክፍሏ መፍረሱን ሳይናገር አላለፈም። እንግዲህ ይህችን ከተማ የጎበኘ ሰው ሁሉ «ቀድሞ እንዲህ ነበረች» የሚለውን ቃል ሲሰማ ኖሯል፤ የዛሬውም ጎብኚ ይኸንኑ ይሰማል። ስለዚህ በማራኬሽ ጠፋ ስለ ተባለ ነገር የሚጽፍ ሰው ከሌላው ቦታ ይልቅ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

የአደባባዩ ስም ራሱ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ነው። ጀማ ማለት ጉባኤም መስጊድም ሊሆን ይችላል፤ ፈና ደግሞ ጥፋት ወይም ሞት ማለት ሲሆን፣ ተቀራራቢ ድምፅ ያለው ሌላ ቃል በሕንጻ ፊት ያለውን ግልጥ ቦታ ያመለክታል። ወንጀለኞች በዚያ ይገደሉ ስለ ነበረ «የሙታን ጉባኤ» ተባለ የሚሉ አሉ፤ ጎብኚዎችን የሚመሩት ሰዎችም እንግዳውን ስለሚያስደነግጥ ይህንኑ ይወዱታል። ታሪክ አስ ሱዳን የተባለውን መጽሐፍ በ17ኛው መቶ ዓመት የጻፈው የቲምቡክቱው ዐብዱራሕማን አስ ሰዕዲ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። እንደ እርሱ አባባል ከ1578 እስከ 1603 የነገሠው አሕመድ አል መንሱር በአደባባዩ መካከል ታላቅ መስጊድ ማሠራት ጀምሮ ነበር፤ የደስታ መስጊድ ተብሎ ሊጠራ የታሰበው ሕንጻ በመከራ ዘመን ምክንያት ሳይፈጸም ስለ ቀረ፣ ሕዝቡ የአንዲቱን ቃል ድምፅ ለውጦ የጥፋት መስጊድ አለው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በ1591 የሶንጋይን መንግሥት ሰብሮ ቲምቡክቱን የያዘው የዚሁ የአል መንሱር ሠራዊት ነው። የወራሪው ንጉሥ ሕንጻ ጅምር ሆኖ መቅረቱንና መሳለቂያ የሆነ ስም ማትረፉን መዝግቦ ያቈየው የተወረረው ከተማ ጸሐፊ መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አይመስልም።

ስለ ተራኪዎቹ የሚናገር ማስረጃ በዚያው መቶ ዓመት ይገኛል። የሞሮኮው ሊቅ አል ሐሰን አል ዩሲ ሙሓደራት በተባለው መጽሐፉ፣ በ1650 ገደማ በማራኬሽ ሳለ በታላቁ ገበያ ሜዳ ሕዝብ የከበበው አንድ ሽማግሌ አግኝቶ ቆሞ እንዳዳመጠ ያወሳል። ሽማግሌው የፋስ ሰው፣ የማራኬሽ ሰው፣ ዐረቡ፣ በርበሩና የድራዕ ሸለቆ ሰው ተገናኝተው እያንዳንዱ የሚመኘውን ምግብ ሲናገር የሚያሳይ ቀልድ ያወራ ነበር። ሕዝቡ ሣቀ፤ አል ዩሲ ግን ከሣቀ በኋላ ነገሩን ወደ ቤቱ ወስዶ ለመንፈሳዊ ትምህርት ምሳሌ አደረገው። ከዚህ ምስክርነት ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፣ ሊቁም ሸቃጩም በአንድ ክብ ውስጥ መቆማቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቀልዱ የሚያስቀው ፋስንና ድራዕን ለሚያውቅ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ በዚያ ቢገኝ ኖሮ የሚያየው አፉን የሚያንቀሳቅስ ሽማግሌና የሚሥቅ ሕዝብ ነበር።

ይህን የመሰለው ክብ በዐረብኛ ሐልቃ ይባላል፤ ቀለበት ማለት ነው። ባለ ሐልቃው ቦታውን ይመርጣል፤ በነቢዩ ላይ ምርቃት አቅርቦ ይጀምራል፤ በትሩን አንድ ጊዜ ሰይፍ፣ አንድ ጊዜ ፈረስ፣ አንድ ጊዜ ምርኵዝ እያደረገ የንጉሡንም የጠንቋዩንም የልጃገረዲቱንም ድምፅ በየተራ ያወጣል። ጀግናው ከጕድጓድ በተጣለበት ወይም ሰይፍ ከአንገቱ ላይ ባንዣበበት ሰዓት ግን ቃሉን ያቋርጥና ክቡን እየዞረ ይመርቃል፤ ሰሚውም ሳንቲሙን ያወጣል። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ጥቂት ይቀጥላል፤ ጀግናው ከአንዱ አደጋ ወጥቶ ወደ ባሰው ሲገባ ያን ዕለት የሚነገረው ያበቃል፤ የቀረው ለነገ ይተዋል። ሰሚዎቹ ከሥራ የወጡ የእጅ ጥበብ ሠራተኞች፣ ተሸካሚዎች፣ ወታደሮች፣ እህላቸውንና ከብታቸውን ሸጠው ያደሩ የሐውዝ ገበሬዎች ናቸው።

የተራኪው ኑሮ የቆመው እንግዲህ በነገ ላይ ነበር። አንዱ ታሪክ ወራት ስለሚፈጅ፣ የሚከፍለው ሰው ተመልሶ የሚመጣ ሰው መሆን አለበት። እባብ የሚያጫውተው ግን ነገ የለውም፤ ትርዒቱ በደቂቃ ውስጥ ስለሚፈጸም ዛሬ የሚያየውን ሰው ነገ ባያገኘው አይጎዳም። ይህ የሁለት ዓይነት ንግድ ልዩነት እስካልተጤነ ድረስ በኋላ የሆነውን ሁሉ ለማስተዋል አይቻልም።

ከሚተረኩት ነገሮች ሁሉ የረዘሙት ሲራ የሚባሉት የጀግኖች ታሪኮች ነበሩ። ከእነዚህም በማግሪብ ተራኪዎች አፍ የከበሩት ሁለቱ ለኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪ እንግዳ ሊሆኑ አይገባም። አንደኛው የዐንተር ሲራ ነው። ዐንተር ከእስልምና በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረ ዐረባዊ ባለ ቅኔና ጦረኛ ሲሆን፣ ቅኔው ሙዐለቃት ከሚባሉት የታወቁ ግጥሞች መካከል ይቈጠራል። እናቱ ዘቢባ የምትባል ሐበሻዊት ባሪያ ነበረች፤ አባቱም ልጅነቱን የተቀበለው ጀግንነቱን ካየ በኋላ እንደ ሆነ ይነገራል። በሲራው ውስጥ የጀግናው መከራና ክብር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ከጥቍረቱና ከእናቱ ወገን ነው። በማራኬሽ አደባባይ የቆመ ገበሬ ለዐንተር ሲያጨበጭብ ለአንዲት ሐበሻዊት ልጅ ማጨብጨቡ ነበር።

ሁለተኛው የሰይፍ ኢብን ዚ የዘን ሲራ ነው፤ በእርሱ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። በታሪክ የሚታወቀው ሰይፍ የየመን መስፍን ነበረ። ዐፄ ካሌብ በ525 ገደማ ባሕር ተሻግሮ የመንን ካስገበረ በኋላ አገሪቱ በአክሱማውያን ሹማምንትና በኋላም በአብርሃ ቤት እጅ ቆየች፤ በዚያው መቶ ዓመት በመጨረሻዎቹ ዐሥርት ዓመታት ሰይፍ ከፋርስ ንጉሥ ጦር ለምኖ ሐበሾችን አስወጣ። ታሪኩ ይህን ያህል ብቻ ነው። ሲራው ግን በግብፅ በመምሉኮች ዘመን ሲቀናበር ከዚህ ዘር ሌላ ዛፍ በቀለ። በሲራው መሠረት የሐበሻ ንጉሥ የሰይፍን አባት በመርዝ እንድትገድል ቀመሪያ የምትባል ሴት ይልካል፤ እርስዋ ግን የሰውየው ሚስት ትሆናለች፤ እርሱም ከሞተ በኋላ መንግሥቱን ለራስዋ ለማስቀረት የወለደችውን ሕፃን በምድረ በዳ ትጥለዋለች። ሕፃኑን ሚዳቋ ታጠባዋለች፤ ለሐበሻው ንጉሥ የሚገብር ሌላ ንጉሥም ያሳድገዋል። ልጁ ጐልምሶ የአሳዳጊውን ልጅ በፈለገ ጊዜ ከተጠየቀው ጥሎሽ አንዱ የዓባይ መጽሐፍ ነው። በሲራው ዓለም የዓባይን ውኃ ይዘው የሚኖሩት ሐበሾች ናቸውና፣ ጀግናው ከብዙ ገድል በኋላ ወንዙን ወደ ግብፅ ያፈስሰዋል።

የዚህ የሐበሻ ንጉሥ ስም ሰይፈ አርዕድ ነው። ዐፄ ሰይፈ አርዕድ የዐፄ ዐምደ ጽዮን ልጅ ሲሆን የነገሠው በ1344 ነው፤ በእውነተኛው ሰይፍና በእርሱ መካከል ወደ 800 ዓመት የሚጠጋ ዘመን አለ። ሊቃውንት የሲራው ቅንብር ከ14ኛው መቶ ዓመት ሊቀድም እንደማይችል የሚያረጋግጡትም በዚሁ ስም ነው። ስሙ ለምን እንደ ተመረጠ ለመገመት አያስቸግርም። አባቱ ዐምደ ጽዮን በግብፅ የሚኖሩ ክርስቲያኖች ቢበደሉ የዓባይን ፈሳሽ እንደሚመልስ ወደ ካይሮ መልእክት መላኩን የግብፁ ታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ መዝግቧል፤ በሰይፈ አርዕድም ዘመን በሁለቱ መንግሥታት መካከል ያለው ነገር የሻከረ ነበር። የካይሮ ሕዝብ ፍርሃት በቤተ መዛግብት ብቻ አልተቀመጠም፤ ተረት ሆኖ ወጣ። ከተረቱ ስሕተቶች ሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው፤ ሲራው የክርስቲያኑን ንጉሥ የክርስቲያን ንጉሥ አላደረገውም። ሰይፈ አርዕድና ሕዝቡ ዙሐል የሚባለውን ኮከብ የሚያመልኩ ሆነው ተሥለዋል። ታሪኩ ከነቢዩ በፊት በነበረ ዘመን ስለ ተቀመጠ ጠላቱ አረመኔ እንዲሆን አስፈልጓል።

በየዓመቱ ወደ መካ የሚሄዱ የማግሪብ ሐጃጆች በካይሮ ያልፉ ስለ ነበረ፣ ሲራው ከካይሮ ወደ አትላስ ግርጌ መድረሱ የሚያስደንቅ አይደለም። እንዲህ ሆኖ የአንድ ኢትዮጵያዊ ንጉሥ ስም፣ ኢትዮጵያን በካርታ ላይ ሊያሳዩ በማይችሉ ገበሬዎች ፊት ለብዙ ዘመናት ምሽት ምሽት ሲጠራ ኖረ። ከአዲስ አበባ ሄዶ በዚያ ክብ ጠርዝ የቆመ፣ ዐረብኛም የማያውቅ እንግዳ፣ ስለ አገሩ እንደሚወራ ሳያውቅ ፎቶግራፍ አንሥቶ ወደሚቀጥለው ክብ ያልፍ ነበር።

አውሮጳዊው ጎብኚ ወደዚህ አደባባይ በሰላም የገባው ከብዙ ደም በኋላ ነው። በመጋቢት 1907 በከተማዪቱ ይኖር የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ኤሚል ሞሻን በሕዝብ እጅ ተገደለ፤ በቤቱ ላይ ያቆመው ምሰሶ የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ነው የሚል ወሬ ተነሥቶ ነበር። ፈረንሳይም ይህን ምክንያት አድርጋ የኡጅዳን ከተማ ያዘች። በመጋቢት 1912 የፋስ ውል ተፈርሞ ሞሮኮ በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ሆነች፤ በዚያው ዓመት በመስከረም የፈረንሳይ ጦር ማራኬሽ ገባ። ሬዚዳን ጄኔራሉ ሊዮቴ የተከተለው ደንብ የታወቀ ነው፤ አሮጌው ከተማ ሳይነካ እንዲቆይ፣ አውሮጳውያን የሚኖሩበት አዲስ ከተማ ደግሞ ከእርሱ ርቆ እንዲሠራ አደረገ። በማራኬሽ አዲሱ ከተማ ጌሊዝ ይባላል። ይህ ደንብ ጥንታዊውን ሥራ ከመፍረስ አድኗል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ነዋሪውን በአንድ ወገን፣ ሊያየው የሚመጣውን በሌላ ወገን አድርጎ የለየውም ይኸው ደንብ ነው፤ አሮጌው ከተማ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚኖሩበት ብቻ ሳይሆን የሚመለከቱት ነገር ሆነ።

በ1917 የሊዮቴ እንግዳ ሆና የመጣችው አሜሪካዊት ደራሲ ኤዲት ዋርተን በአገሩ ገና የመንገደኛ መምሪያ መጽሐፍ እንዳልነበረ ጽፋለች። በዚያው ዓመት ተዘግተው የኖሩት የሳዕዲ ነገሥታት መቃብሮች እንደ ገና ተገኙ። በ1919 ጊድ ብሉ በሚባለው የፈረንሳይ መምሪያ ተርታ የሞሮኮ መጽሐፍ ታተመ። በ1922 አደባባዩ ራሱ ከአገሩ የኪነ ጥበብ ቅርሶች አንዱ ሆኖ በሕግ እንዲጠበቅ ተደረገ። ሕጉ የጠበቀው ቦታውን ነው፤ በቦታው ላይ የሚነገረው ቃል ጥበቃ ያስፈልገዋል ብሎ ያሰበ ሰው በዚያ ጊዜ አልነበረም፤ ማሰብም አያሻም ነበር፤ ክቡ ሙሉ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ስለ መጡት ስመ ጥሩ እንግዶች ብዙ ተጽፏል፤ እዚህ መድገም አያስፈልግም። ቸርችል በጥር 1943 ከካዛብላንካ ጉባኤ በኋላ ሩዝቬልትን ይዞ መጥቶ የኩቱቢያን ሚናራ ከበረዶው ተራራ ጋር መሣሉንና ሥዕሉ በ2021 ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መሸጡን ጎብኚው ሁሉ በሆቴሉ ይሰማል። ለዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ ይልቅ ሁለት ጸሐፊዎች ይጠቅማሉ።

የመጀመሪያው ኤልያስ ካኔቲ ነው። በቡልጋርያ ተወልዶ በጀርመንኛ የሚጽፍና በ1981 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ሲሆን፣ ማራኬሽን የጎበኘው በ1954 ነበር። ስለ ጉዞው ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ባሳተመው መጽሐፍ ዐረብኛም በርበርኛም ለመማር ሆን ብሎ እንዳልሞከረ ይናገራል፤ የድምፁ ኃይል እንዳይቀንስበት ፈልጎ ነው። ተራኪዎቹን በአክብሮት ሥሏቸዋል፤ ሰሚዎቹ ቃሉን እንዴት እንደሚቀበሉም አስተውሏል። ይህን ያህል አስተዋይ የሆነ ጎብኚ ብዙ አይገኝም። ቢሆንም ምን እንደሚወራ አላወቀም፤ አለማወቁንም እንደ ጸጋ ቈጠረው። መጽሐፉ ስለ ማራኬሽ ድምፆች ከተጻፉት ሁሉ የታወቀው ሲሆን፣ ከተራኪዎቹ አንደበት የወጣ አንድ ተረት እንኳ በውስጡ አይገኝም።

ሁለተኛው በ1931 በባርሴሎና የተወለደው ስፔናዊ ደራሲ ኹዋን ጎይቲሶሎ ነው። እርሱ የተቃራኒውን መንገድ ያዘ፤ የሞሮኮን ዐረብኛ ተማረ፤ በአደባባዩ አጠገብ ቤት ይዞ ከተራኪዎቹ ጋር ቡና እየጠጣ ኖረ፤ በ2017 ያረፈውም በማራኬሽ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት በአደባባዩ አካባቢ ረጅም ሕንጻና ከመሬት በታች የመኪና ማቆሚያ ለመሥራት በታሰበ ጊዜ ለዩኔስኮ ዋና ዲሬክተር ለፌዴሪኮ ማዮር አቤቱታ አቀረበ። በ1997 በዚያው በማራኬሽ የሊቃውንት ስብሰባ ተደረገ፤ በስብሰባውም ከድንጋይና ከእንጨት ያልተሠራ፣ በሰው አፍና እጅ ብቻ የሚኖር ቅርስ እንዴት ሊጠበቅ እንደሚችል ተመከረ። በግንቦት 2001 ዩኔስኮ በመጀመሪያ ካወጃቸው 19 የቃልና የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ ጀማ ኤል ፍና ሆነ። በ2003 የጸደቀው የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ስምምነት ከዚህ ሥራ የቀጠለ ነው። ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ2006 ተቀብላ በ2013 የመስቀልን በዓል፣ በ2019 ጥምቀትን አስመዝግባለች። ዛሬ በአዲስ አበባ የቅርስ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ቃልና ደንብ ከምንጩ ቢመረመር፣ ከፊሉ የተነሣው በዚህ አደባባይ ዙሪያ ከተደረገው ክርክር ነው።

ነገር ግን ዐዋጁ በወጣ ጊዜ ክቦቹ ጎድለው ነበር። በ2011 የመጨረሻዎቹ ተራኪዎች በሚል ስም መጽሐፍ ያሳተመው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ሪቻርድ ሃሚልተን ተረታቸውን ሊነግሩት የቻሉ ጥቂት ሽማግሌዎችን ብቻ ነው ያገኘው። የዚህ ጥፋት በጎብኚው ላይ ብቻ ሊጫን አይገባም፤ እንዲህ የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ ነገሩን አቅልለውታል። ራዲዮንና ቴሌቪዥን ማንም አላስገደደም፤ ምሽቱን በቤቱ ተቀምጦ ፊልም ማየት የመረጠው የማራኬሽ ሰው ራሱ ነው። የተራኪው ልጅም ትምህርት ቤት ገብቶ ደመወዝ ያለው ሥራ መፈለጉ ነውር አይደለም፤ አንድ ሲራ በቃል ለመያዝ ብዙ ዓመት ከመምህር እግር ሥር መቀመጥ ያስፈልጋልና።

የጎብኚው ድርሻ በሌላ በኩል ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የውጭ አገር ሰዎች በአሮጌው ከተማ ያሉትን ባለ ግቢ ቤቶች እየገዙ የእንግዳ ማረፊያ አደረጓቸው፤ በ2006 ሞሮኮ ከአውሮጳ ኅብረት ጋር የሰማይ በረራን ነጻ የሚያደርግ ስምምነት ስለ ተፈራረመች የአውሮፕላን ዋጋ ረከሰ፤ በ2024 ወደ ሞሮኮ የገባው እንግዳ ከ17 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ይህ ሁሉ ሕዝብ በአደባባዩ ሲያልፍ የሚከፍለው ለሚያየው ነገር ነው። ቀድሞ ውኃ በቆዳ ተሸክሞ በነሐስ ጽዋ ያጠጣ የነበረው፣ ቀይ ልብስ የሚለብሰው ውኃ ሻጭ፣ ዛሬ ገንዘብ የሚያገኘው ከሚሸጠው ውኃ ይልቅ አጠገቡ ቆሞ ፎቶግራፍ ከሚነሣው እንግዳ ነው። ከበሮውና የድምፅ ማጉያው እንግዳ ስለሚሰበስብ እየበረከተ ሄደ፤ በእነርሱ መካከል የአንድ ሽማግሌ ባዶ ድምፅ ከክቡ ሁለተኛ ረድፍ አያልፍም። ተራኪውን ማንም አላባረረውም፤ መሰማት ስለ ተሳነው ራሱ ሄደ።

ከዚህ ላይ የግናዋዎችን ነገር ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ከሰሐራ ማዶ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ልጆች ሲሆኑ፣ ባለ 3 ጅማቱ ጊምብሪና የብረት ጽናጽሉ የሚያገለግሉት በመሠረቱ ሌሊቱን ሙሉ ለሚደረግ የፈውስ ሥርዐት ነው። በአደባባዩ የሚሰማው ከሥርዐቱ የተቈረጠ ክፍል ብቻ ነው። ሆኖም ሙዚቃ ቋንቋ ለማያውቅ ሰውም ስለሚደርስ ግናዋ ከጎብኚው ጋር መኖርን ቻለ፤ ከዚያም አልፎ በዓለም መድረኮች ስሙ ገነነ፤ በ2019 በዩኔስኮ ዝርዝር ገባ። ያው ጎብኚ አንዱን ጥበብ ሲያከሳ ሌላውን አወፍሯል።

አደባባዩ በዚህ ዘመን ከዚህ የከፋ ፈተናም አይቷል። ሚያዝያ 28 ቀን 2011 በዳርቻው ባለው አርጋና ቡና ቤት ቦምብ ፈንድቶ 17 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ የውጭ አገር እንግዶች ነበሩ። መስከረም 8 ቀን 2023 ሌሊት ደግሞ ከከተማዪቱ በስተ ደቡብ ምዕራብ በአትላስ የተነሣው የምድር መንቀጥቀጥ ወደ 3000 የሚጠጋ ሕዝብ ሲጨርስ፣ በአደባባዩ ላይ የነበረው የኸርቡሽ መስጊድ ሚናራ ወደቀ። የሞተው ሰው አብዛኛው በተራራው መንደሮች የሚኖር ነበረ፤ እርሱም ቀድሞ ገበያ ሲወርድ ክቡን ይሞላ የነበረው ሕዝብ ልጅ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ምግብ ሻጮቹ ድንኳናቸውን እንደ ገና ተከሉ።

ተራኪነት ግን ጨርሶ አልጠፋም። አንዳንድ ወጣቶች ከቀሩት ሽማግሌዎች እግር ሥር ተቀምጠው ተረት ተምረዋል፤ በከተማዪቱ ቡና ቤቶች ለእንግዶች በእንግሊዝኛ ይተርካሉ፤ ከ2022 ጀምሮም ከልዩ ልዩ አገሮች ተራኪዎች የሚመጡበት በዓል በማራኬሽ ይደረጋል። ሰሚው እንዲሰማ ቋንቋውን መለወጥ አስፈልጓል፤ ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ ነገር ግን የፋሱንና የድራዑን ሰው ቀልድ ይተርክ የነበረው የአል ዩሲ ሽማግሌም በፊቱ ለቆመው ሕዝብ በሚገባ ቋንቋ ነበር የተናገረው። የተለወጠው ከቋንቋው ይበልጥ ጊዜው ነው። በቡና ቤት የሚነገረው ተረት በሩብ ሰዓት የሚያልቅ፣ ባለጠጋውንና ብልሁን ድኻ የሚያገናኝ አጭር ጨዋታ ነው። የሰይፍ ሲራ በሩብ ሰዓት አይነገርም፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሕፃኑ ገና ከሚዳቋዋ ጡት አይለይም፤ የሐበሻው ንጉሥም ከዙፋኑ አልተነሣም። መጽሐፉ በካይሮ በብዙ ቅጽ ታትሟል፤ በ1996 ደግሞ አሳጥሮ የሚያቀርብ የእንግሊዝኛ ትርጕም ወጥቷል። ጎብኚው ይህን ትርጕም ይዞ ከሄደ፣ ከታች ከአደባባዩ የሚመጣው ከበሮ በመስኮቱ እየገባ፣ ሰይፈ አርዕድ ዓባይን እንዴት እንደ ያዘና እንዴት እንደ ተነጠቀ በአልጋው ላይ ተጋድሞ ሊያነበው ይችላል።